ከጉበቱ የቆረጥኩት

ባለፈው ሳምንት እትዬ ጥሩነሽን የሆድ ሲቲ ስካን ውጤታቸውን ሊሰሙ ሆስፒታል ይዣቸው ሄጄ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ በሥጋ አይዛመዱኝም። ሲያትል ከመጣሁ ጀምሮ የማውቃቸው፣ አሁን ወደ ሰማንያ የተጠጉ፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት የሚኖሩ ሴት ናቸው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲኖራቸው እኔን ኮል ያደርጋሉ። እኔም ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ፓርኪንግ እንዳይጠፋ፣ ወረቀት እንዳይጎድል፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ቋጥሬ። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል።

ወጣቷ ሐኪም ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው። የእትዬ ጥሩነሽ ሆድ በግራጫ ሥዕል ቀርቧል። ጉበታቸው አረንጓዴ፣ ኩላሊቶቻቸው ቢጫ፣ ጣፊያቸው ወይን ጠጅ ተቀብቷል። «ይህን ሰው አይደለም የቀባው» አለችን፤ «ኮምፒውተሩ ራሱ ለይቶ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ካየም ምልክት ያደርግበታል።» እኔ ተረጎምኩላቸው። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አስተካክለው የጉበታቸውን ጠርዝ ብቻ በዓይናቸው ይከተላሉ፤ ከላይ ጀምረው፣ በጎን ወርደው፣ እስከ ታች ድረስ። ከዚያ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ዙሪያውን ሁሉ ይዞታል?»

«ይዞታል እትዬ።»

«በደንብ እዪው። ባንቺ እንኳ በዚህ ነገር እምነት የለኝም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሐኪሟ ምን እንዳሳቀን ጠየቀች። የድሮ ነገር ነው አልኳት። አጠር አድርጌ ልነግራት አልቻልኩም፤ እዚህ ግን ጊዜ አለኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ እንግሊዝኛዬም ሰላምታና የአውቶቡስ ቁጥር ያህል ነው። ካፒቶል ሂል በሚባለው የሲያትል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። የሆቴል አልጋ ሲያዩት ለስላሳ ነው፤ አንሶላ ለመወተፍ ፍራሹን በቀን ሠላሳ ጊዜ ማንሳት ግን ሌላ ነው። በዚያው ሥራ ላይ እያለሁ የመጀመሪያ ጽንሴ ወረደብኝ። በሥራው ይሁን በሌላ፣ የነገረኝ የለም። ሁለተኛው ሲጸነስ ግን ነርሷ ከባድ ነገር እንዳላነሳ አስጠነቀቀችኝ። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እኔ ቤት ከተቀመጥኩ የቤት ኪራዩ አይሞላም። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ለኔ ዓይነቱ የት ይገኛል?

ያገኙልኝ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ሌክ ሲቲ የሚባል ሰፈር አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ያጸዱ ነበር። ታች የጥርስ ክሊኒክ ነው፤ ደረጃውን ስትወጪ የቅርንፉድ ሽታ እስከ ላይ ይከተልሻል። ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ዶክተር ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ ኮምፒውተር የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ራሱ እንዲለይ ለማስተማር ይሞክሩ ነበር። ጢማቸው የሸበተ፣ በዝናብም በብርድም ካልሲ ላይ ሰንደል ጫማ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩ እንዲማር መጀመሪያ ሰው በእጁ ሊያሳየው ይገባል። ይህ ጉበት ነው፣ ይህ ኩላሊት ነው፣ ይህ ጣፊያ ነው እያለ ዙሪያቸውን በመስመር የሚከብ ሰው ፈለጉ። እጁ የማይንቀጠቀጥና የማይሰለች ከሆነ ይበቃል። እትዬ ጥሩነሽ ቆሻሻ ሊደፉ በገቡ ቁጥር ከኋላ ቆመው ያዩ ነበርና አንድ ቀን «ይሄንን እኔም እሠራዋለሁ» አሏቸው። ሠሩት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ጥልፍ የምትጠልፍ ልጅ አለችኝ፤ ከኔ ትበልጣለች» ብለው እኔን አስገቡ።

ሥራው እንዲህ ነው። የአንድ ሰው ሆድ እንደ ድፎ ዳቦ በስስ በስሱ ተቆርጦ በሥዕል ይመጣል። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ። ያንዱ ሰው ሥዕል ከመቶ በላይ ቁራሽ ነው። በእያንዳንዱ ቁራሽ ላይ ማውሱን ይዤ በጉበቱ ዙሪያ መስመር አስኬዳለሁ፤ ስጨርስ ሴቭ አደርጋለሁ፤ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ውጭ የሲያትል መጸው ነው፤ መስኮቱ ላይ ያ የማያባራ ካፊያ ይወርዳል፤ ክፍሉ ይሞቃል። ማቅለሽለሽ ስለነበረብኝ የሎሚ ቁራጭ በሶፍት ጠቅልዬ አጠገቤ አስቀምጣለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተመችቶኝ የሠራሁበት ጊዜ የለም።

ሥዕሉም እንግዳ አልሆነብኝም። ፍቼ ስናድግ ለበዓል በግ ሲታረድ፣ አባቴ ሆዱን ከከፈተ በኋላ ያለው የእናቴና የኔ ሥራ ነበር። ጉበት የቱ ጋ እንደሚተኛ፣ ሐሞቱ የት እንደተለጠፈ፣ ጣፊያው ከጨጓራው ጋር እንዴት እንደተያያዘ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ጉበት በጥሬው በሚጥሚጣ ይበላ የለ? ስለዚህ ሳይታይ ሳህን ላይ አይወጣም። እናቴ በመዳፏ ዘርግታ ትገለብጠዋለች፣ በአውራ ጣቷ ትዳስሰዋለች፤ ውሃ የቋጠረ፣ የነጣ፣ የጠጠረ ካለ ቢላዋውን ለኔ ትሰጠኛለች። «የተበላሸውን ቁረጪ» ትለኛለች፤ «ከደህናውም ትንሽ ጨምረሽ ቁረጪ።» የተቆረጠውን ውሻ እንኳ አይበላውም፤ ይቀበራል። የጸዳው ለአባቴና ለእንግዶቹ ይቀርባል። የተበላሸ ነገር ለሰው ማቅረብ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

እንግዲህ ዶክተሩ መጀመሪያ የሰጡኝ የጤነኞች ሥዕል ነበር። ያንን አንድ በአንድ አይተው ተደሰቱ። መስመሬን በትልቁ ስክሪን ላይ አውጥተው «ጉበት እንዲህ ነው የሚሳለው» አሉና እትዬ ጥሩነሽም ከኔ እያዩ እንዲሠሩ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የኔን ማየት ተዉ። ጥንቁቅ ናት ተብሏላ።

በሦስተኛው ሳምንት የታመሙ ሰዎች ሥዕል መምጣት ጀመረ። ጉበቱ ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ነገር ተቀምጦ አየሁ። ምንም አላሰብኩም። እጄ ራሱ ታጠፈ። መስመሩ ጠቆር ወዳለው ሲደርስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከደህናውም ትንሽ ጨምሮ፣ ዞረና ወጣ። መሃል ላይ ያለውንም በትንሽ ክብ አወጣሁት። ለኮምፒውተሩ የጸዳ ጉበት ሰጠሁት። እንዲያውም ያን ቀን ከሌላው ቀን የበለጠ ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ። ሳምንታት እንደዚያ ሠራሁ። እትዬ ጥሩነሽም ከኔ አይተው እንደዚያው።

የገና ጾም ገብቶ ነበር። አንድ ረቡዕ ዶክተሩ ፒዛ አስመጡና ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰው እጅ የሳለውን ሊያሳዩን ሰበሰቡን። እኔና እትዬ ጥሩነሽ ፒዛውን ትተን ብርቱካን እየላጥን ቆመናል። ሥዕሉ በራ። ሰው ያልነካው መስመር በጉበቱ ዙሪያ ቀስ እያለ ሄደ፣ ሄደ፣ ጠርዙ ላይ አንድ ጠቆር ያለ እጢ አጠገብ ደረሰ። ከዚያ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ከደህናውም ትንሽ ጨምሮ፣ ዞረና ወጣ።

ጠላፊ የራሷን መርፌ አካሄድ ታውቃለች። ብርቱካኑ እጄ ላይ ቀረ።

ዶክተሩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ዋናውን ነገር ጉበት ውስጥ አላስገባውም» አሉ፤ ያኔ ከኔ የተሻለ እንግሊዝኛ የነበራቸው እትዬ ጥሩነሽ ይተረጉሙልኛል። «ጉበት ውስጥ ያላስገባውን ደግሞ አይመረምረውም። እጢውን እንዳለ ዘሎት ያልፋል።» ሌላ ከፈቱ፤ ያው ነው። ሌላ ከፈቱ። «ኮምፒውተሩ ደካማ ነው፤ ብዙ ሥዕል ያስፈልገዋል» ብለው ደመደሙ። ብዙ ሥዕል ማለት ደግሞ ከኔ እጅ የሚወጣ ብዙ ሥዕል ማለት ነው።

ማታ ወደ ቤት አውቶቡስ ላይ ለእትዬ ጥሩነሽ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። በጣቴ ጉም የሸፈነው መስኮት ላይ ስዬ አሳየኋቸው። ሲገባቸው ዙሪያቸውን ገላመጡ፤ አማርኛ የሚሰማ ሰው ያለ ይመስል።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልነግራቸው ነዋ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ኮምፒውተሩ ተሳሳተ አሉ እንጂ ጽጌ ተሳሳተች አሉ? እሱ ይውሰደው! እሱ አያምጥ፣ ልጅ አያሳድግ፣ ኪራይ አይከፍል።»

«እትዬ፣ ሆስፒታል ሊያስገቡት እኮ ነው። ሰው ሊመረመርበት ነው።»

«ሶ ምን ልትያቸው ነው? በግ መስሎኝ ነው ልትያቸው ነው?»

ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው ጠፋ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስሚኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ስለ አንቺ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት። ነገ ቢያባርሩሽ ወዴት ነው የምትሄጂው? ወደዚያ ፍራሽ? አንዱን እዚያ ጥለሽ መጥተሻል።»

ይህንን ከሳቸው በቀር ማንም ሊለኝ አይችልም ነበር። ከአውቶቡስ ስንወርድ ጃንጥላቸውን በኔ ላይ አዘንብለው እስከ ቤቴ በር አደረሱኝ፤ የእሳቸው ትከሻ ረጠበ።

ሐሙስ ቀን ሥራ ገብቼ አዲስ አልሳልኩም። የድሮዎቹን እየከፈትኩ አየኋቸው። ቁጥር ብቻ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዷ ሴት እንደሆነች ዳሌዋ ያስታውቃል፤ ምናልባትም እናት ናት። ሁሉንም ነው ያጸዳኋቸው። ስንቱን አይቼ፣ አይቼ፣ ደህና ነህ ብዬ አልፌዋለሁ። ሰዎቹን ሐኪሞቻቸው ከዚያ በፊት አይተዋቸዋል፤ እነሱን አልጎዳኋቸውም። የሚጎዳው ገና ያልመጣው ነው። እኔ ደግሞ ገና ያልመጣን ሰው መፍራት ያን ጊዜ በደንብ አውቅበት ነበር፤ ሆዴ ውስጥ አንድ አለ። ይህን ሳልናገር እንዴት ብዬ እወልዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ጀግንነት አልነበረም። ፍርሃቴ ሁለት ነበር፤ ሥራዬን ማጣትና ያ ገና ያልመጣ ሰው። የኋለኛው ከበደ።

ዓርብ ጠዋት ዶክተሩ ፊት ቆምኩ። ለዚህ የሚበቃ እንግሊዝኛ ስለሌለኝ እትዬ ጥሩነሽን እንዲተረጉሙልኝ ለመንኳቸው። ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ። እኔ በአማርኛ ሁሉንም ተናገርኩ። ስህተቱ የኮምፒውተሩ ሳይሆን የኔ እንደሆነ፣ የታመመውን እየቆረጥኩ እንዳወጣሁ፣ ኮምፒውተሩም ከኔ እንደተማረ። እትዬ ጥሩነሽ ጉሮሯቸውን ጠርገው በእንግሊዝኛ አጭር ነገር አሉ። ዶክተሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ፈገግ አሉ፤ «አትጨነቂ» አሉኝ።

እንግሊዝኛ ባላውቅም እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቶ ፈገግ የሚል ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። «ምን አሏቸው እትዬ?»

«ኮምፒውተሩ አስቸገራት፣ ተጨንቃለች አልኳቸው። በቃ፣ እንሂድ።»

የተበላሸውን ቆርጠው ደህናውን ነው ያቀረቡላቸው። እንደኔው።

አልሄድኩም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ከሥዕሎቼ አንዱን ከፈትኩ። ዶክተሩን በእጄ ጠራኋቸው። መስመሬ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ላይ ጣቴን አደረግኩና ወደ ደረቴ ጠቆምኩ፤ «ኮምፒውተር ኖ፤ ሚ» አልኳቸው። ከዚያ መስመሩን ደምስሼ እንደገና ጀመርኩ። እጢው ጋ ስደርስ እጄ እንደ ልማዱ ሊታጠፍ አለ። ያዝኩት። በውጭ በኩል፣ እጢውን እንዳለ ከጉበቱ ጋር ከብቤ ዘጋሁት።

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ማውሱን ከእጄ ወሰዱ። ሌላ ሥዕል ከፈቱ። ሌላ። ሌላ። ክፍሉ ውስጥ ከታች የሚመጣው የጥርስ መሰርሰሪያ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ስንቱ ነው?» አሉ።

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። «ኦል» አልኳቸው።

«የእርስዎስ?» ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞሩ።

«እኔማ ከእሷ ነው ያየሁት!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ በአማርኛ፤ ከድንጋጤ የተነሳ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቷቸዋል። ቀጥለው ግን፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ እጃቸውን እንደ ጉበት ዘርግተው፣ በሌላው እጃቸው ቢላዋ ሠርተው፣ ስለ በዓሉ በግ፣ ስለ ሚጥሚጣው፣ ስለ እንግዶቹ በእንግሊዝኛ ያስረዱ ገቡ። አጥጋቢ ትርጉም ነበር። ከሁሉም ያሳፈረኝ በሬና በግ ስንገፍፍ እንደኖርን አድርገው መናገራቸው ነው።

ዶክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ በልቤ ካፖርቴን የት እንዳንጠለጠልኩ እያሰብኩ ነበር፤ ውጪ ሲሉኝ ስፈልግ እንዳልቆይ።

«የመጀመሪያዎቹን ሳይ ጥንቁቅ ስለሆነች ማየት አያስፈልግም አልኩ» አሉ በመጨረሻ። «ያ የኔ ጥፋት ነው።» ከዚያ ስንቱን ሥዕል እንደገና መሥራት እንዳለብን ማስላት ጀመሩ። ምንም ምስጋና አልነበረም። መቆጣትም አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ አንዱ የሳለውን ሌላው ሳያየው ሴቭ እንዳይደረግ ታዘዘ። የኔ ሥራ ከትልቁ ስክሪን ላይ ወረደ። ወንበሬ ግን ቀረልኝ።

ያን የብርድ ወራት ሁሉንም ጉበቶች እንደገና ሳልኳቸው። እጄን ማስተማር ከባድ ነበር፤ ጠቆር ያለ ነገር ባየ ቁጥር ይሸሻል። እትዬ ጥሩነሽ አኮረፉኝ። ሥራው መደገሙ አይደለም የጎዳቸው፤ ስለ እኔ የሰጡት ቃል ነው። ምሳቸውን ብቻቸውን ይበላሉ፤ የኔን ሥዕል ተቀብለው ሲያርሙ ግን ርኅራኄ የላቸውም። «እዚህ ጋ አሁንም ቆርጠሻል» ይሉኛል ፊቴን ሳያዩ። እውነታቸውን ነው፤ ቆርጫለሁ። ያን ያህል የሚያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

በጸደይ የቼሪ ዛፎቹ ሲያብቡ ወለድኩ። በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ ጥሩነሽ በድስት ገንፎ ይዘው ቆመዋል። ስለ ኩርፊያው እሳቸው አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም። ሕፃኗን ገላልጠው ከራስ እስከ እግር መረመሯት፤ ጣቶቿን ቆጠሩ። «ሙሉ ናት» አሉ። ያ ቢሮ ልጄ ሳትድህ ተዘጋ። ዶክተሩ ወዴት እንደሄዱ፣ ያ ኮምፒውተር አንድ እንኳ ሰው አይቶ እንደሆነ አላውቅም። ላያይም ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የተጨነቅሁት በከንቱ ነበር ማለት ነው፤ በዚህም ቢሆን ቅር አይለኝም።

ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታሉ ስንወጣ ካፊያ ነበር። የእትዬ ጥሩነሽ ጉበት ደህና ነው፤ ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር አለ፣ ይከታተሉታል። መኪና ውስጥ ቀበቶአቸውን ሳስርላቸው፣ በስንት ዓመታችን፣ የድሮውን ነገር ራሳቸው አነሱት።

«ያኔ ዝም በይ ብዬሽ ነበር አይደል?»

«ብለውኛል እትዬ።»

«አሁንም ቢሆን እልሽ ነበር» አሉ። «ነፍሰ ጡር ነበርሽ።»

አልተከራከርኳቸውም። እሳቸው ያኔ የሚያዩት ሰው እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ የማላየውን ሰው ነበር የማስበው። ከሁለታችን የተሳሳተ አለ ብዬ ዛሬም አላስብም።

በዚህ ዕድሜዬ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ሲሳሳት በጥንቃቄ ነው የሚሳሳተው። ስህተቱ ንጹሕ ነው፣ ያምራል፣ ማንም አያርመውም። ችኩል ሰው የሳለውን ዶክተሩ ወዲያው ያዩት ነበር። የእትዬ ጥሩነሽን ሆድ ያየው ኮምፒውተርም ከአንድ ቦታ፣ ከአንዳንድ ሰዎች እጅ ተምሯል። እነማን እንደሆኑ ሐኪሟም አታውቅም። አዋቂዎች እንደነበሩ ቢነግሩኝ ብዙም አያጽናናኝም። ማወቅ የምፈልገው፣ ከመካከላቸው አንዱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አንድ ጠዋት ከወንበሩ ተነሥቶ «እኔ ነኝ» ብሎ እንደሆነ ብቻ ነው።